በተማሪ ሰዓት የተጠና ዜማ

መምህሩ ጊዜ እንደሌለው ለመናገር ጊዜ አጥቶ አያውቅም። ጠዋት ፊቱን እየታጠበ ይናገራል፤ ምሳ ላይ ይናገራል፤ ተማሪ ከዘገየበት በረንዳ ላይ ወጥቶ ጎረቤቱን በአጥር አሻግሮ ይጠራና ለእርሱም ይናገራል። «ማስተማሩ በላኝ እኮ፣ ወንድሜ! እኔ ለመድረክ የተፈጠርኩ ሰው ነበርኩ። በቀን ሁለት ሰዓት ለራሴ ባገኝ ኖሮ ይሄኔ የት በደረስኩ!» ይላል። ጎረቤቱ ጨዋ ሰው በመሆኑ የት ሊደርስ እንደነበር ጠይቆት አያውቅም።

መተዳደሪያው ጊታር ማስተማር ነው። ከሳሎኑ ጎን ባለችው ጠባብ ክፍል ውስጥ ሁለት ወንበር፣ ሁለት የእግር ማሳረፊያ፣ አንድ የኖታ ማስቀመጫና ተማሪው የገዛ እጁን የሚያይበት መስታወት አሉ። አብዛኞቹ ተማሪዎቹ ሥራ ያላቸው ጎልማሶች ስለሆኑ ከሥራ መልስ ነው የሚመጡት፤ ከምሳ በኋላ እስከ አመሻሽ ያለው ሰዓት የእርሱ የራሱ ነው። ይህንንም ሰዓት ለልምምድ ብሎ ከለየው ዓመታት አልፈዋል፤ ብቻ በልምምዱ አይጀምርም። መጀመሪያ ጥፍሩ አለ። የክላሲክ ጊታር ተጫዋች ክሩን የሚመታው በቀኝ እጁ ጥፍር ነውና በሻካራው ሞረድ ይሞርደዋል፤ ከዚያ በለስላሳው፤ ከዚያ ደግሞ እስኪያብረቀርቅ በጨርቅ ይወለውለዋል። ቀጥሎ ክሮቹን ይቃኛል። አዲስ የተቃኘ ክር ጥቂት ካላረፈ ይላላልና፣ ክሮቹ እስኪያርፉ እርሱም አብሯቸው ያርፋል። ጀርባውን ሳያሳርፍ የሚለማመድ ሰው ለጉዳት እንደሚዳረግ አንድ ቦታ አንብቧል፤ ስለዚህ ሶፋው ላይ ጋደም ይላል። ከእንቅልፉ የሚቀሰቅሰው የማታው ተማሪ ነው። «አያችሁልኝ?» ይላል ዓይኑን እያሻሸ፤ «ለራሴ አንዲት ደቂቃ!»

ሚስቱ መድኃኒት ቤት ውስጥ ስለምትሠራ ይህን ሁሉ አታይም። የሚያዩት አማቱ ናቸው። አማቱ ጉልበታቸው የከዳቸው፣ ዓይናቸውና ምላሳቸው ግን ያልከዷቸው አሮጊት ናቸው።

«ልጄ፣ ዛሬም ስትሞርድ ዋልክ?»

«እማማ፣ ጥፍር ለጊታር ተጫዋች የጦር መሣሪያው ነው።»

«እሱስ ልክ ነህ። መሣሪያው ተስሎ ተስሎ ሊያልቅ ነው፤ ዘመቻው መቼ ነው ብዬ ነው እንጂ።»

ዘመቻው ባልታሰበ ቀን መጣ። በወጣትነቱ አብሮት ሙዚቃ የተማረ አንድ ጓደኛ ነበረው። ምት የምትቆጥረውን መሣሪያ ከጎኑ ስለማይለያት የክፍል ጓደኞቹ «ሜትሮኖም» የሚል ቅጽል ስም አውጥተውለት ነበር። ዛሬ ሜትሮኖም በአንድ ትልቅ አዳራሽ ዓመቱን ሙሉ የሚጫወት የሦስት ጊታሪስቶች ቡድን መሪ ነው።

«ሦስተኛው ልጅ ለቆብን ሄደ» አለው በስልክ። «ስምህን ያነሳሁት እኔ ነኝ። የዛሬ ሦስት ወር በሚደረገው ምሽት ብቻህን አንድ ሥራ ትጫወታለህ። ከተወጣኸው ቦታው ያንተ ነው። ካልተወጣኸው ግን ጓደኛዬ ነህ ብዬ አላስቀርህም። ጊዜ አለህ?»

«አለኝ» አለ መምህሩ፤ ቃሉ ከገዛ አፉ መውጣቱ እርሱንም አስደነገጠው።

ቦታውን ካገኘ ከተማሪዎቹ እኩሌታውን አሰናብቶ ሲመኘው የኖረውን የመድረክ ሰው መሆን ይችላል። ካላገኘው ደግሞ ያ ሲወራ የኖረው «ጊዜ ባገኝ ኖሮ» እንዲሁ ወሬ መሆኑ በአደባባይ ሊታወቅ ነው። ይህ ሁለተኛው ሐሳብ እንቅልፍ ነሳው፤ የነሳው ግን የሌሊቱን እንጂ የቀትሩን አልነበረም።

የመረጠው ሥራ ሦስት ክፍሎች ያሉት ረጅም ዜማ ነው፦ ጭምት መግቢያ፤ አንዱን ክር በሦስት ጣት እያፈራረቁ በመምታት ድምፁ ሳይቆረጥ እንደ ውሃ የሚፈስበት መካከለኛ ክፍል፤ በመጨረሻም የፈረስ ግልቢያ የመሰለ ፍጻሜ። የመጀመሪያው ሳምንት ለዚህ ሥራ የሚመጥን ጥፍር በማዘጋጀት አለፈ። በሁለተኛው ሳምንት ግን አንድ ሐሳብ እንደ መብረቅ መታው። ማስተማሩ ጊዜውን ከበላው፣ እርሱስ በተራው ማስተማሩን ለምን አይበላውም? ዜማውን ከፋፍሎ ለተማሪዎቹ ቢሰጠው፣ እነርሱን በሚያስተምርበት ሰዓት እርሱ መለማመዱ አይደለም? ይህን ያህል ብልሃት በውስጡ ተቀብሮ መኖሩ አስገረመው፤ ያን ዕለት ከሰዓት በኋላ በተለየ የኅሊና ዕረፍት ተኛ።

ረፋዱ ላይ የሚመጡት በጡረታ ላይ ያሉ ዳኛ ናቸው። ለእርሳቸው ፍጻሜውን ሰጣቸው።

«ክቡር ዳኛ፣ ይህ መልመጃ በተለይ ለእርስዎ እጅ የተመረጠ ነው። ክብደት ያለው እጅ ይፈልጋል።»

ዳኛው መነጽራቸውን አስተካክለው ወረቀቱን ተመለከቱ። «ይሄ እኮ መጨረሻ ይመስላል። መጀመሪያው የት አለ?»

«መልመጃ ስለሆነ መጀመሪያ የለውም፣ ክቡር ዳኛ።»

«መጀመሪያ የሌለው ነገር አጋጥሞኝ አያውቅም። የሐሰት ክስ እንኳ መጀመሪያ ነበረው» አሉ ዳኛው። ነገር ግን «ለእርስዎ እጅ የተመረጠ» የሚለው ቃል ሆዳቸው ገብቶ ነበርና ነገሩን አላካረሩትም።

በምሳ ሰዓት የሚመጣው መኪና መንዳት የሚያሠለጥን ሰው ነው። ለእርሱ የመካከሉ ክፍል ደረሰው፤ ምክንያቱም፣ እንደ መምህሩ አባባል፣ መሪ አጥብቆ መጨበጥ የለመደውን አውራ ጣቱን ያፍታታለታል። ማታ ከክሊኒኳ የምትመጣው የጥርስ ሐኪም ደግሞ መግቢያውን ተቀበለች። «ዶክተር፣ ጣትዎ ረቂቅ ነው። ይህ የተጻፈው ለእንደርስዎ ዓይነት ጣት ነው» አላት። ዶክተሯ በዚያ ሳምንት ሕሙማኗን ስታክም እንኳ ጣቶቿን ደጋግማ ስታይ ታይታለች።

እንዲህ ሆኖ መምህሩ በየቀኑ ጠዋት ፍጻሜውን፣ ቀትር ላይ መካከሉን፣ ማታ መጀመሪያውን ይጫወት ጀመር። ዜማው ከጅራቱ ወደ ራሱ ይሄድ ነበር ማለት ነው። ያም ቢሆን እንደ ተጫዋች ሳይሆን እንደ አስተማሪ ነው፤ ተማሪው በሚችለው ፍጥነት ይጀምራል፣ ተማሪው በሚደናቀፍበት ቦታ ይቆማል፣ «ጎበዝ፣ እስቲ አንዴ ከላይ» ይላል፣ ተመልሶ ይጀምራል። ክፍሉ ካለቀም ያልቃል፤ ከዚያ ወዲያ የሌላ ተማሪ ድርሻ ነውና እጁን ወስዶ ጭኑ ላይ ያሳርፋል። አንዱን ክፍል ከሌላው የሚያገናኘውን መሻገሪያ ለማንም አልሰጠም። የማንም ባለመሆኑም ማንም አላጠናውም።

አንድ ቀን አሠልጣኙ ጊታሩን ከጭኑ ላይ አውርዶ ይስቅ ጀመር።

«ምነው?» አለው መምህሩ።

«የኛን የአስተማሪዎችን ነገር አስቤ ነው እንጂ። ሠልጣኝ ሲሳሳት የምረግጠው ሁለተኛ ፍሬን በኔ በኩል አለ አይደል? ይኸውልህ፣ አሁን ብቻዬን ስነዳ እንኳ በየመቶ ሜትሩ ፍሬን ካልያዝኩ እግሬን ይበላኛል። ትናንትና ከጎኔ ያለውን ባዶ ወንበር ‹ስፖኪዮህን እይ› ብዬው እርፍ!»

«ታዲያ ምን አለህ?»

«ምን ይለኛል፣ ወንበር ነው። እኔ ግን ‹ጎበዝ› አልኩት።»

ሁለቱም እንባቸው እስኪወርድ ሳቁ። መምህሩ የሳቀው በአሠልጣኙ ነበር።

ምሽቱ ሲቃረብ ሚስቱ አንድ እሑድ ሳሎን ውስጥ ተቀምጣ፣ «እስቲ ሙሉውን አንዴ አሰማን። እማማም ትስማ» አለችው።

«ሙሉውን?»

«ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው። ሦስት ወር ሙሉ ቁርጥራጩን ነው በበሩ ቀዳዳ የሰማነው።»

«የተዘጋጀ ሥራ ቤት ውስጥ አይባክንም» አለ መምህሩ ኮራ ብሎ። «ትኩስነቱን ያጣል።»

«እንዴ!» አሉ አማቱ። «ካሁኑ አንዴ ቢሰማ የሚበላሽ ነገር፣ እዚያ ያ ሁሉ ሰው ሲሰማው ምን ሊተርፈው ነው?»

ሜትሮኖምም ወደ አዳራሹ መጥቶ አንድ ጊዜ እንዲሞክር ሁለት ጊዜ ደወለለት። «ተማሪ አለብኝ፤ ጊዜ የለኝም» አለው። ለሦስቱ ተማሪዎቹ ግን ለእያንዳንዳቸው ለብቻ የመግቢያ ካርድ ሰጣቸው። ከንቱነት ጠንቃቃ አያደርግም።

በምሽቱ አዳራሹ ሞላ። ሦስቱ ተማሪዎች እርስ በርስ ባይተዋወቁም ካርዳቸው አንድ ላይ የወጣ ነበርና በሦስተኛው ረድፍ ጎን ለጎን ተቀመጡ፤ ዶክተሯ፣ ቀጥሎ ዳኛው፣ ቀጥሎ አሠልጣኙ ከነባለቤቱ። መምህሩ ጥቁር ልብሱን ለብሶ ወጣ፣ እጅ ነሣ፣ ተቀመጠ፣ ጀመረ።

መግቢያው አማረለት። አዳራሹ ጸጥ አለ፤ ከመጋረጃው ጀርባ የቆመው ሜትሮኖም ራሱን ነቀነቀ። ዶክተሯ ግን ፊቷ ተለዋወጠ፤ ጣቶቿ ቦርሳዋ ላይ ከመምህሩ ጋር አብረው ይሄዱ ነበር። መምህሩ የመግቢያው መጨረሻ ላይ ደረሰ። እዚያም እጁ፣ በየማታው እንደለመደው፣ ክሩን ለቆ ጭኑ ላይ አረፈ።

ዝምታ ሆነ። ቀጥሎ የሚመጣው ድምፅ በጆሮው አለ፤ ጣቶቹ ግን መንገዱን አያውቁትም። ጭንቅላቱ ባዶ በሆነ ጊዜ አፉ የሚያውቀውን ተናገረ፤ የድምፅ ማጉያውም ታማኝ ነበርና ለሕዝቡ አደረሰው።

«ጎበዝ። እስቲ አንዴ ከላይ።»

«እሺ፣ መምህር» አለች ዶክተሯ ከሦስተኛው ረድፍ፣ ሳታስበው፤ ወዲያው አፏን በእጇ ያዘች።

አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። መምህሩ ሌላ የሚያደርገው ስላልነበረው እውነትም ከላይ ጀመረ፤ እዚያው ቦታ ደረሰ፤ እዚያው ቆመ። በዚህ ጊዜ ዓይኑን ጨፍኖ መሻገሪያውን ትቶ ዘለለና መካከለኛው ክፍል ላይ ወደቀ።

«ይሄ የኔ ነው!» አለ አሠልጣኙ ባለቤቱን በክርኑ እየጎሰመ።

«ምኑ?»

«መልመጃዬ! ለአውራ ጣቴ የተመረጠልኝ!»

«ዝም በል፣ ሰው እያየን ነው።»

«እዚህ ጋ አሁን ይቆማል፣ ጠብቂ። ሁልጊዜ እዚህ ጋ ነው የምሳሳተው።»

መምህሩ እዚያ ጋ ቆመ። ከዚያ ቀጠለ፣ ሌላም ቦታ ቆመ፣ ክፍሉንም ጨረሰና እጁን አወረደ። በሁለተኛው ዝምታ ውስጥ ዳኛው ወደ ዶክተሯ ጎንበስ ብለው፣ «ቀጥሎ የሚመጣውን እኔ አውቀዋለሁ» አሏት። የእርሳቸው ሹክሹክታ ግን በችሎት የተገራ ድምፅ ነበርና መድረኩ ድረስ ተሰማ። መምህሩም እንደታዘዘ ሰው የዳኛውን ክፍል ጀመረ፤ በዳኛው ፍጥነት። እንደ ፈረስ መጋለብ የነበረበት ፍጻሜ የውሳኔ ንባብ ሆኖ፣ በእያንዳንዱ አንቀጽ እያረፈ፣ ረጅም ጊዜ ወስዶ ተፈጸመ። ሕዝቡ አጨበጨበ፤ ጭብጨባው ነገሩ በማለቁ የተደሰቱ ሰዎች ጭብጨባ ነበር።

ከመጋረጃው ጀርባ ሜትሮኖም አልተቆጣም፤ ያ ደግሞ ከቁጣው የከፋ ነበር።

«እጅህ አልሞተም» አለው። «ግን ዛሬ ሦስት ሰዎች በየተራ ሲጫወቱ ነው የሰማሁት። አንተ የትኛው እንደነበርክ አላወቅኩም።»

«ታውቃለህ፣ ወንድሜ፣ ጊዜ እኮ…»

«ጊዜ አጣሁ እንዳትለኝ። ጊዜማ ወስደሃል፤ የሰው መሆኑ ነው እንጂ። ቦታውን ለሌላ ሰው እሰጣለሁ።»

ከአዳራሹ መውጫ ላይ ሦስቱ ተማሪዎች ተዋውቀው፣ ተጠያይቀው፣ ነገሩን አጣርተው ቆመው ነበር። መምህሩ ሲያያቸው በጎን በር ለመውጣት ፈለገ፤ በጎኑ በር ግን ጊታሩ ከነሳጥኑ አላሳልፍ አለው።

«መምህር» አለች ዶክተሯ፤ «ለእኔ ጣት የተጻፈው የትኛው ነው? ሁላችንም አንድ ሥራ ነው እኮ ተቆራርሶ የደረሰን።»

«ዶክተር፣ እሱ… የማስተማር ዘዴ ነው።»

«እኔ ጥርስ ሦስት ቦታ ሰብሬ ለሦስት ሰው ብተክል ዘዴ ይሉታል?»

አሠልጣኙ ጉሮሮውን ጠረገ። «እኔ ብዙም አልተቀየምኩህም። ግን መሀሉን ብቻ ይዤ ወዴት ልሂድ? መነሻም መድረሻም የለኝ፣ ዝም ብሎ መንገድ ላይ!»

ዳኛው እጃቸውን አነሱና ሁለቱም ዝም አሉ። «ስርቆት ነው እንዳልል፣ ምንም አልጎደለብኝም፤ ተምሬበታለሁ። የሚያሳዝነኝ ውሸቱ ነው። ‹ለእጅዎ የተመረጠ ነው› ብለኸኝ ነበር። እኔም ጅሉ ሽማግሌ አምኜ፣ የልጅ ልጆቼን ሰብስቤ ‹አያታችሁ የተለየ እጅ አለው ተባለ› ብዬ ተናግሬያለሁ። እስቲ አሁን ምን ልበላቸው?»

ሦስቱም ከእንግዲህ ከእርሱ ዘንድ እንደማይማሩ ነግረውት በአንድ በር ወጡ።

በሚቀጥለው ሳምንት ወሬው የደረሳቸው ሌሎቹ ተማሪዎችም ቀሩና መምህሩ ሲመኘው የኖረውን አገኘ። ረፋዱ ባዶ ነው፤ ቀትሩ ባዶ ነው፤ ማታውም ባዶ ነው። ሚስቱ ወደ ሥራ ስትሄድ በሩ ላይ ቆም ብላ፣ «ዛሬ ማንን ልትወቅስ ነው?» አለችው፤ ክፋት አልነበራትም፣ የምር ጠይቃው ነው። መምህሩ ጠባቧ ክፍል ውስጥ ገብቶ ተቀመጠ። ፊት ለፊቱ ያለው ወንበር ባዶውን ያየው ነበር። ጊታሩን አነሳና ከመግቢያው ወደ መካከሉ የሚያሻግሩትን ጥቂት ድምፆች ሞከረ። ጣቶቹ ተጋጩ። ደገመ፤ ተጋጩ። ተማሪ ቢሆን ኖሮ «ጎበዝ» ብሎ ባለፈው። ሠልሶ ሲሞክር የውጭው በር ተንኳኳ።

አማቱ ከእርሱ ቀድመው ከፈቱ። አንዲት ሴት ነበረች፤ ጊታር መማር እንደምትፈልግ፣ ዛሬውኑ መጀመር እንደምትችል ተናገረች። መምህሩ ጊታሩን ወንበር ላይ ጥሎ፣ ሸሚዙን እያስተካከለ፣ እስከ ኮሪደሩ ደርሶ ነበር።

አማቱ ዞር ብለው ከእግሩ እስከ ራሱ አዩት። «ፊትህ እንዴት በራ፣ ልጄ! ልጄን ያገባህ ዕለት እንኳ እንዲህ አልበራም።»

መምህሩ ባለበት ቆመ። ፊቱ መብራቱን እርሱም ከውስጥ ተሰምቶት ነበር። የእስር ቤት በር እንደተከፈተለት ሰው ነው የሮጠው፤ የሮጠው ግን ከገዛ ልምምዱ ነው። ጠላቴ እያለ ሲያማው የኖረው ተማሪ በክፉ ቀን የሚደበቅበት ጎሬው እንደነበረ በዚያች ቅጽበት ገባው፤ ማፈሩም እውነተኛ ማፈር ነበር፤ ለመጀመሪያ ጊዜ የሚያይለት ሕዝብ ሳይኖር አፈረ።

«ዛሬ አይመችም፣ እህቴ» አላት ሴትዮዋን። ቃሉን ለማውጣት የሚያስፈልገው ጉልበት አስገረመው። «በሚቀጥለው ሳምንት ይምጡ። ከመጀመሪያው እንጀምራለን።»

ተመልሶ ገባና በሩን ዘጋ። መሻገሪያውን ጀመረ፤ ተሰናከለ፤ ደገመ። አስቀያሚ ድምፅ ነበር፤ ክሩ ይጮሃል፣ ጣት በጣት ላይ ይወጣል፣ ዜማው እንደ አንካሳ ይጎተታል።

«ልጄ» አሉ አማቱ ከበሩ ማዶ፤ «ሦስት ወር ሙሉ የለፋህበት ይሄ ነው?»

«አይደለም፣ እማማ። ይሄን ዛሬ ነው የጀመርኩት።»

«እኔ ሙዚቃ አላውቅም። ግን በጣም አስቀያሚ ነው።»

«አዎ፣ አስቀያሚ ነው» አለ መምህሩ፤ እንደገናም ተጫወተው።